ከወይራ ችግኝ ቦንሳይ ማሳደግ፦ የጀማሪው የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት

ቦንሳይ የሚባል የዛፍ ዘር የለም። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ «ቦን» ዝርግ ዕቃ፣ «ሳይ» መትከል ማለት ሲሆን ሁለቱ ሲገጥሙ በዝርግ ዕቃ የተተከለ ዛፍ ይሆናል። ጥበቡ ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ነው። ዛፉ ትንሽ ሆኖ የሚኖረው ሥሩም ቅርንጫፉም በየጊዜው ስለሚገረዝ እንጂ በተፈጥሮው ድንክ ስለሆነ አይደለም፤ ከዕቃው አውጥተው መሬት ቢተክሉት እንደማንኛውም ዛፍ ሽቅብ ይሄዳል። ስለዚህ «የቦንሳይ ዘር» ተብሎ በፓኬት የሚሸጥ ነገር ካጋጠመዎት ውስጡ ያለው ተራ የዛፍ ዘር ነው። ገንዘቡን ለችግኝ ያውሉት።

«ዛፉን ማሠቃየት ነው፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል» የሚሉም አሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያና ማጥኛ ስፍራ) ውስጥ ባለው የቦንሳይ ሙዚየም አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ ሲያድግ የኖረ ነው፤ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው የአቶሚክ ቦምብ ተርፏል፤ በ1976 ደግሞ ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ። እዚያ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች መግቢያው በነጻ ስለሆነ ሄዳችሁ እዩት። በዕቃ ያለ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በመገረዙ ሳይሆን በውሃ አያያዝ ስህተትና በማይሆን አፈር ነው። የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ስለ አፈርና ሥር የሆነውም ለዚህ ነው።

ለምን ወይራ?

ወይራ ለመጀመሪያ ዛፍ የሚሆንባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ካረጀ እንጨቱ ሳይቀር ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ተሳስተው አንድ ቅርንጫፍ ቢቆርጡ ሌላ ያወጣልዎታል። ሥሩ ሲቆረጥ ይችላል። ቅጠሉ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው፤ በፀሐይና በመግረዝ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የቦንሳይ አሳዳጊዎችም ይህንኑ ዛፍ አብዝተው ይጠቀሙበታል። ጽድ ማራኪ ቢሆንም ለሁለተኛ ዛፍ ይቆይ፤ የጽድ ቅርንጫፍ አረንጓዴው ሁሉ ከተነሳለት መልሶ አያቆጠቁጥም፣ ደርቆ ይቀራል። ጀማሪ ደግሞ አብዝቶ መቁረጡ አይቀርም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይወሰን፦ ወይራ የደጅ ዛፍ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ፣ ግቢ ወይም ጣሪያ ይፈልጋል። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወይራ ለጥቂት ወራት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ አዲሱ ቡቃያ እየቀጠነና እየረዘመ ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል። ከቤት ውስጥ ሌላ ቦታ የሌለው ሰው ፋይከስ (የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ) ይዞ መስኮት አጠገብ ቢጀምር ይሻለዋል።

ችግኝ መምረጥ

መንገድ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ከሚሸጡት መካከል ረጅሙንና ቀጥ ያለውን ለመምረጥ እጅ ይቸኩላል። ለቦንሳይ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ቁመቱን ይተዉትና ወደ ታች ይመልከቱ፤ አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርገው የግንዱን እግር ይዩት። ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ እግሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ዝቅ ብለው የወጡ ቅርንጫፎች ያሉት ችግኝ ይፈልጉ። ጎበጥ ያለ ቢሆን እሰየው። ሥሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዱ ወይም አንዱ ሥር ግንዱን እንደ ገመድ ከጠመጠመው ይለፉት። ቅርንጫፍ በአንድ ዓመት ይተካል፤ የተበላሸ እግር ግን ለመስተካከል ብዙ ዓመት ይወስዳል።

የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ያረጋግጡ፤ የወይራ ላዩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ከቻሉ ሁለት ይግዙ፤ አንዱ ቢሞት ሥራው አይቋረጥም። ከቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ከመንግሥት ደን መንቀል ግን አይገባም። ነቅሎ ማጽደቅ ከባድ ሥራ ነው፤ ጀማሪ የነቀለው አሮጌ ወይራ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል።

አፈሩ

ብዙ ቦንሳይ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ በጀርባው አስተኝተው ያዙ፤ ጠብ ጠብ ብሎ ሲያቆም በጠባቡ ጎኑ ያቁሙት። እንደገና ውሃ ያወርዳል። ዕቃ ውስጥ ያለ አፈርም እንዲሁ ነው፦ ከታች ምንጊዜም ውሃ የማይለቅ እርጥብ ንብርብር ይቀራል። የዚያን ንብርብር ውፍረት የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣት መጠን እንጂ የዕቃው ጥልቀት አይደለም። ጥልቅ ባልዲ ውስጥ ንብርብሩ ከታች ስለሚቀር ሥሩ ከላይ ይተነፍሳል። ዝርግ ዕቃ ውስጥ ግን የግቢ አፈር ቢሞሉ ንብርብሩ እስከ ላይ ይደርሳል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከታች ጠጠር መደልደልም ይህን አይፈታም፤ እርጥቡን ንብርብር ከጠጠሩ በላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። መፍትሔው አፈሩ ከላይ እስከ ታች ሻካራ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ጃፓኖች አካዳማ የሚባል የተጋገረ የሚመስል ሸክላማ አፈር፣ ፓሚስና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀላቅላሉ። እኛ አገር አካዳማ የለም፤ ሁለቱ ግን ስምጥ ሸለቆው ሞልቶት ይገኛሉ። ፓሚሱ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ቀላልና ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ቀዩ ደግሞ ለመንገድና ለግቢ ሙሌት የሚደፋው ሬድ አሽ ነው። 30 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን 7 ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ለዚህ 4 ሊትር ፓሚስ፣ 2 ሊትር ሬድ አሽ፣ 1 ሊትር ተኩል በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል። ይህ መጠን ከተነፋ በኋላ የሚለካ ስለሆነ ጥሬውን ድንጋይ እጥፍ አድርገው ያምጡ።

መንፋቱ አይዘለልም። መጀመሪያ በግንበኞች የአሸዋ ወንፊት ይንፉት፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ከላይ ይቀራል። ያለፈውን ደግሞ በመስኮት የትንኝ ወንፊት ላይ ያናውጡት፤ ዱቄቱ ይወርዳል። መሃል ላይ የቀረው፣ ከሩዝ እስከ ሽምብራ የሚያህለው፣ የእርስዎ አፈር ነው። ሲነፉ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ይህ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው። ዱቄቱን «ይጠቅም ይሆናል» ብለው መልሰው አይጨምሩት፤ ውሃ መውረጃውን ሁሉ የሚደፍነው እሱ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውድ የቦንሳይ ሸክላ አይግዙ። ዝርግ የእንጨት ሣጥን ወይም የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል፤ ከታች ከ8 እስከ 12 ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይብሱት። ቀዳዳዎቹን በትንኝ ወንፊት ቁራጭ ይሸፍኑ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ስለታም የአትክልት መቀስ፣ ትንሽ መጋዝ፣ ጫፉ የሾለ እንጨት፣ ማሰሪያ ሽቦና የመቀስ መጥረጊያ አልኮል ነው።

የመጀመሪያው ዓመት፦ ሥር ብቻ

ችግኙን ገዝተው በመጡ ዕለት ሥሩን ቆርጠው፣ ግንዱን አሳጥረው፣ ሽቦ ጠምጥመው በዝርግ ሸክላ ማስቀመጥ ያጓጓል። ዛፉን የሚገድለውም ይህ ነው። ቁስሉን የሚጠግንበት ምግብ የሚመጣው ከቅጠሉ፣ ውሃው የሚመጣው ከሥሩ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የወሰዱበት ዛፍ በምን ይድናል? በአንድ የዕድገት ወቅት አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ይሥሩ።

መጀመሪያ ችግኙን በነበረበት ፕላስቲክ ሙሉ ፀሐይ ላይ ከ1 እስከ 2 ወር ያቆዩት፤ ጤነኛ መሆኑን አዲስ ቡቃያ በማውጣቱ ያውቃሉ። ለደጋው አየር የሥር ሥራ ምቹ ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አልፏል፣ ዛፉ ሊያቆጠቁጥ ተነስቷል፣ ክረምት እስኪገባም ሥር ለመስደድ ጊዜ አለው።

ከአንድ ቀን በፊት ውሃ ያጠጡት። በማግስቱ፣ ደመናማ ቀን ወይም ጥላ ሥር፣ ፕላስቲኩን ቀደው ያውጡትና በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ከታች ያለውን አንድ ሦስተኛ የሥር ክምር በመጋዝ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። እዚያ ያለው አብዛኛው ተጠምጥሞ የከረመ ሥር ነው። ጠልቆ የሚወርደው ወፍራም ዋና ሥርም አብሮ ያጥራል።

2. ከላይ ጀምረው በሾለው እንጨት አፈሩን ወደ ውጭ እያበጠሩ ያንሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም የጎን ሥሮች እስኪታዩ ድረስ ይውረዱ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጠልቆ ስለሚተከል 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር መውረድ የተለመደ ነው። ከእነሱ በላይ የበቀለውን ቀጭን የሥር ጸጉር ይላጩት።

3. ከቀረው አፈር የአንዱን ወገን ግማሽ ብቻ ያራግፉ። ሌላው ግማሽ የተክሉ መጠባበቂያ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሚቀጥለው ዕቃ ቅየራ ይነካል። ሁሉንም በአንዴ አጥቦ ባዶ ማድረግ ለጠነከረ ዛፍ እንጂ ለአዲስ ችግኝ አይደለም።

4. ግንዱን የሚያንቁትን፣ ወደ ላይ የተቆለመሙትንና አንዱ በሌላው ላይ የተጋደሙትን ሥሮች ይቁረጡ። ወደ ጎን እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጉትን ያቆዩ። ሥሩ እንዳይደርቅ በየጊዜው ውሃ ይርጩበት፤ ነፋስ ላይ የዋለ ቀጭን ሥር በደቂቃዎች ይሞታል።

5. ከሣጥኑ ሥር በቀዳዳዎቹ በኩል ሁለት ማሰሪያ ሽቦ አሳልፈው ያውጡ። አፈሩን መሃል ላይ ጉብታ አድርገው ይከምሩ፤ ዛፉን ከላዩ አስቀምጠው ግራና ቀኝ እያዟዟሩ ይጫኑት፤ ከዚያ ሽቦውን በሥሩ ክምር ላይ አጥብቀው ይሰሩት። ሣጥኑን ሲያነሱት ዛፉ መነቃነቅ የለበትም። የሚነቃነቅ ግንድ አዲስ የወጣውን ሥር በነፋስ ቁጥር ይበጥሰዋል። «ጥሩ አድርጌ ተከልኩት፣ ግን አልያዘም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

6. አፈሩን ሞልተው በእንጨቱ ቀስ እያሉ ወደ ሥሮቹ መሃል ያስገቡት። በእጅ አይጠቅጥቁ። በመጨረሻም ከሥር የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ያጠጡት።

ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነፋስ በማያገኘው ከፊል ጥላ ያቆዩትና ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ይመልሱት። ጥቂት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ አያስደንግጥ። ማዳበሪያ እስከ 6 ሳምንት አይስጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ከአፉ ያላለፈ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ8 ሊትር ውሃ በጥብጠው በየሁለት ሳምንቱ ይስጡ፤ ከላይ በየ3 ወሩ አንድ እፍኝ ኮምፖስት ይነስንሱ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እንደ ማሳ ደረቁን ቢበትኑት ሥሩን ያቃጥለዋል።

ውሃ

ወይራ ሲጠማው አይጠወልግም። ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ሥሩ እየደረቀ እንኳ ቀና ብሎ ይታያል፤ ቅጠሉ ወዙን አጥቶ ሲንኮሻኮሽ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ቅጠል እያዩ ሳይሆን አፈር እየለኩ ያጠጡ። ቀጭን ደረቅ ስንጥር 5 ሴንቲ ሜትር አስገብተው 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ሲያወጡት እርጥበቱ ከጠቆረው ክፍል ይታያል። ጫፉ ብቻ እርጥብ ከሆነ ያጠጡ፤ ግማሹ እርጥብ ከሆነ ነገ ይመለሱ። «በቀን አንዴ» የሚል ቋሚ ደንብ የለም፤ በበጋ በየቀኑ ሊያስፈልግ ይችላል፣ በሐምሌ ደግሞ ለሳምንታት ላያስፈልግ ይችላል።

ሲያጠጡ ሁለቴ ነው። መጀመሪያ ከሥር እስኪንጠባጠብ፣ 5 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና። ደረቅ ፓሚስ የመጀመሪያውን ውሃ በጎኑ ያሳልፈዋል፤ የሚጠጣው ሁለተኛውን ነው። ክረምት ከሰኔ ጀምሮ ሲጠነክር ከሣጥኑ አንድ ወገን ሥር ድንጋይ አግብተው ያዘንብሉት። ያ እርጥብ ንብርብር ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል፤ የተቀረው ሥር ይተነፍሳል። በረዶ የሚጥል ሲመስል ከጣሪያ ሥር ያስገቡት።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ከዛፉ ይልቅ ለዕቃው ተጠንቀቁ፤ በቀትር የጋለ ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ይቀቅለዋል። ነጭ ዕቃ ተጠቀሙ፣ ጎኑንም በጨርቅ ጋርዱ። አውሮፓና አሜሪካ ውርጭ ባለበት ከተማ ብርሃን ያለው ግን የማይሞቅ ጋራዥ ወይም የተሸፈነ በረንዳ ክረምቱን ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ዓመት፦ ግንዱን ማሳጠር

አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነኩት ያድግ። መጋቢት ሲመጣ ዛፉ ረዣዥም ቡቃያ ካወጣ ለመቁረጥ ተዘጋጅቷል፤ ካላወጣ ሌላ ዓመት ይጠብቁ። ልኩ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ቁመት የእግሩን ውፍረት 6 እጥፍ ያህል ቢሆን ዓይን ያረካል። እግሩ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዛፉ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን 18 ላይ አይቁረጡ። አዲሱ አናት ከተቆረጠው በላይ የሚያድግ ስለሆነ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከአንድ ጤነኛ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ በላይ ይቁረጡ። ያ ቅርንጫፍ አዲሱ አናት ይሆናል። ወፍራሙ ግንድ በድንገት ወደ ቀጭን መለወጡ መጀመሪያ ያስቀይማል። አናቱ ሳይገረዝ ሲያድግ ግን መገናኛው እየወፈረ ይስተካከላል።

የወይራ ቁራጭ ጫፉ ወደ ታች የመድረቅ ጠባይ አለው፤ ስለዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ጉቶ ይተዉና በሚቀጥለው ዓመት አስተካክለው ያንሱት። ቁስሉን በለዘበ ሰም ወይም በነጭ የእንጨት ኮላ ይሸፍኑ።

ግንዱ የቀጠነባቸው ብዙ ጀማሪዎች በትንሽ ሸክላ አስቀምጠው «ይወፍራል» ብለው ይጠብቃሉ። አይወፍርም። ግንድ የሚያወፍረው ነጻ የሆነ ሥርና ያልተገረዘ ቅርንጫፍ ነው። ወፍራም ግንድ ከፈለጉ ዛፉን መሬት ወይም ሰፊ ሣጥን ውስጥ ይተዉት፤ ከእግሩ አጠገብ አንድ ቅርንጫፍ 1 ሜትር እስኪያልፍ ይልቀቁት፤ ሥራውን ሲጨርስ ቆርጠው ይጣሉት።

ሦስተኛው ዓመት፦ ቅርንጫፍና ሽቦ

ከቁርጡ በኋላ ዛፉ በየቦታው ያቆጠቁጣል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ማለትም 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ሁለተኛው በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ፣ አንዱም ወደ ኋላ። የኋላው ካልኖረ ዛፉ ከፊት ሲታይ እንደ ሥዕል ጠፍጣፋ ይሆናል። ወይራ ቡቃያውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስለሚያወጣ ከየጥንዱ አንዱን ያንሱ፤ ሁለቱም ከቀሩ መገናኛው ያብጣል።

ሽቦ የሚጠመጠመው ቅርንጫፉን አጉብጦ ቅርጽ ለማስያዝ ነው። የተለየ የቦንሳይ አሉሚኒየም ሽቦ ባይገኝም ችግር የለም፤ ባለ 1.5 እና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ድርቅ ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ ለቀጫጭን ቅርንጫፎች ይሆናል። ፕላስቲኩን በእሳት አያቅልጡ፤ ጭሱ መርዛም ነው። እንዲያውም ሳይላጥ ቢጠመጠም ልጡን ይጠብቃል። የብረት ሽቦ ይዝጋልና ይቅር። ሽቦው ከቅርንጫፉ ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን፤ መጀመሪያ ግንዱን ሁለት ዙር አስይዘው በ45 ዲግሪ ዘንበል እያደረጉ ይጠምጥሙ። ሲያጎብጡ ሁለቱ አውራ ጣቶች ከውስጥ ይደግፉ፤ የሽቦው ዙር ከጉብጠቱ ውጭ በኩል እንዲያርፍ ያድርጉ። ከ1 ሴንቲ ሜትር የወፈረ የወይራ ቅርንጫፍ ይሰበራል እንጂ አይጎብጥም፤ ያን በመቁረጥ ብቻ ይምሩት።

በየሁለት ሳምንቱ ይፈትሹ። ሽቦው ልጡን መንከስ በጀመረበት ቀን ይነሳል፤ ቅርጹን ያልያዘ ከሆነ በሌላ መስመር ድጋሚ ይታሰራል። ሲያነሱት በመቁረጫ ቁርጥ ቁርጥ ያድርጉት። መልሶ ለመጠቀም ሲሉ ቢፈቱት በመጨረሻው ዙር ቅርንጫፉን ይሰብሩታል።

ያለ ሽቦም ይቻላል። የቻይና ጓንግዶንግ አካባቢ የሊንግናን አሳዳጊዎች ዋና ዘዴያቸው ማሳደግና መቁረጥ ነው። ቡቃያው 6 ወይም 8 ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ወደ 2 ጥንድ ይቆርጡታል፤ በቀረው የላይኛው ጥንድ በኩል በፈለጉት አቅጣጫ ያለውን ቡቃያ ትተው ሌላውን ያነሳሉ። በየቁርጡ ቅርንጫፉ ይጠማዘዛል። ለወይራ ይህ ከሽቦ የሚሻል ይመስለናል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ጠባሳ የለውም።

ሲታመም

ጉንዳን ግንዱን እየወጣና እየወረደ ከሆነ፣ ቅጠሉ ላይም ጥላሸት የመሰለ ነገር ከታየ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ቡናማ ቅርፊቶችን ይፈልጉ፤ የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጡ ተባዮች ናቸው። በጥፍር ወይም በጥርስ ብሩሽ ይፋቁ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ማምሻውን ይርጩ፣ ጠዋት ይታጠብ። በሳምንቱ ይድገሙት።

ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ከሆነም ቸኩለው አይጣሉት። ልጡን በጥፍር ጫር ያድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለ። ውሃውን ቀንሰው፣ ማዳበሪያ ሳይሰጡ፣ በብርሃን ጥላ እስከ 3 ወር ይጠብቁ። ወይራ ከእግሩ ማቆጥቆጥ ይወዳል።

ወደ ዝርግ ሸክላ የሚገባው ግንዱና ዋና ቅርንጫፎቹ ከያዙ በኋላ ነው። የሸክላው ጥልቀት የእግሩን ውፍረት ያህል፣ ርዝመቱ የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ ለ18 ሴንቲ ሜትር ዛፍ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ3 እስከ 4 ጥልቀት። ሸክላ ሠሪ ጋር ሲያዙ ሳይተኮስ በፊት ከታች ሁለት ሰፋፊ የውሃ መውረጃና አራት ጠባብ የማሰሪያ ቀዳዳ እንዲበሱለት፣ ውስጡንም እንዳይወለውሉት ይንገሯቸው።